ባሌ መቆጣት ያቆመ ጊዜ

የደነገጥኩት ባሌ ያልጮኸ ቀን ነው። ከጎናችን ያለውን ባዶ ቦታ የገዛው ወጣት ነጋዴ ቤት ሊሠራ መሠረት ያስቆፍር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የቆርቆሮ አጥራችንን ደረመሰና ባሌ ሰይድ በገዛ እጁ ተክሎ ያሳደጋትን የብርቱካን ዛፍ ከግንዷ ሰበራት። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ድምፁን ስሰማ የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ሮጥ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። የፈራሁት ለዛፏ አልነበረም፣ ለሾፌሩ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ከሰይድ ጋር የኖረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። «ያ አላህ፣ ለዚህ ልጅ ድረስለት» አልኩ በሆዴ። ሰይድ ከሳሎን ወጣ፣ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ፣ የተሰበረችውን ዛፍ አየ፣ ከዚያ ሾፌሩን አየ። «ሰው አልተነካም አይደል?» አለ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ «አልተነካም አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው። «በል ቀስ ብለህ አውጣት፤ መሪውን ወደ ግራ ስበር» ብሎት ተመልሶ ገባ። ሬዲዮ ከፈተ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ።

የብርቱካን ቅጠል ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ከፍሬው ይለያል፤ መረር ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቆይ ነው። ያ ሽታ እኔን የሚወስደኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ የአቦምሳ አውቶቡስ ውስጥ። ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበር የምትባለው። ከፖስታ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያ በፈረስ ጋሪ ስሙኒ ይከፈላል፤ ባለጋሪው የሚያውቀው ሰው ከሆነ ያንንም አይቀበልም። አባቴ ከወሎ መጥቶ የከፈታት ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረችው። አቡጀዲው ከታች፣ ፖፕሊኑ ከላይ፣ የወንዶቹ ተርጋል ደግሞ እንዳይነካካ ከመስታወት ጀርባ ይደረደራል። ከሱቁ በረንዳ ላይ ሆኜ ወደ ፍራንኮ ሠፈር የሚወርዱትን ወጣቶች አያለሁ፤ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚሰፋ ሱሪ፣ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ማበጠሪያ የተሰካበት አፍሮ። ጥጉ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሸክላ ያጫውታል፤ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እየደጋገሙ ሲያጫውቱት አባቴ «ይሄ ሰውዬ ፍቅረኛውን ዛሬም አላገኛትም?» ይል ነበር። እኔ ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ እስቃለሁ፤ ስስቅም ድምፅ የለኝም። ባለሱቅ መልስ አሳስቶ ቢሰጠኝ አሳስተሃል ማለት አልችልም፤ ጥቁር ክር ተልኬ ሰማያዊ ቢሰጡኝ ሰማያዊውን ይዤ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት አንዱ አስተማሪ መናገር የማልችል መስሎት እናቴን አስጠርቷታል። «ይቺ ልጅ ምላሷን ወሎ ረስታው ነው የመጣችው» ይል ነበር አባቴ።

አቦምሳ አክስት ነበረችኝ። አንድ ክረምት ጠይቂያት ብለው ላኩኝ። አውቶቡሱን የሚነዳው ሰይድ ነበር፤ ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ የሸሚዙ አንገት እስከ ደረቱ የተከፈተ፣ ሲነዳ አንድ ክንዱን በመስኮት የሚያወጣ ጎረምሳ። ደራን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ ከፊቱ የተቀመጡትን አሮጊት «ዶሮዎችሽ ሸተቱኝ፣ ወደ ኋላ ሂጂ» አላቸው። አሮጊቷ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ሰውዬው ቅርጫቱን በእግሩ ገፋው። ሰይድ በመስታወት ያይ ነበርና አውቶቡሱን መሀል መንገድ ላይ አቆመው። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ዞረና በሩን ከፈተ። «ውረድ!» አለ። «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አለው ሰውዬው። «አላውቅም! ይሄ መንገድም አያውቅህም! ውረድ!» ጩኸቱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ሂሳቡን አንስቶ እጁ ላይ አስቀመጠለትና አቧራው ላይ ትቶት ነዳ። እስከ አርቦዬ ድረስ ለብቻው ሲጮህ፣ መሪውን በመዳፉ ሲመታ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል። አቦምሳ ስንደርስ ሻንጣዬን ከላይ አውርዶ ሲሰጠኝ ፊቴን አየው። «አንቺ፣ ፈራሽ እንዴ?» አለኝ። አቦምሳ አጠገብ ካለው እርሻ ልማት የሚወጣው ብርቱካን ከሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ ሁልጊዜ ተከምሮ ይቀመጥ ነበርና አንድ አንስቶ ሰጠኝ፤ ቅጠሉ ገና አልረገፈም። «አይዞሽ። ሲመጣብኝ አልችለውም እኮ» አለ፣ አሁን ሊያለቅስ የደረሰ ሕፃን መስሎ። እኔ በዚያው አለቀልኝ።

እናቴ «ክብሪት ነው፣ ልጄን አልሰጥም» ብላ ነበር። ተሰጠሁ። ክብሪት መሆኑንም አየሁት። ሬዲዮ ሰብሯል፤ ኳስ ሲተላለፍ የራሱን ቡድን ተጫዋቾች ከሌላው በላይ ይሳደባል፤ የቤት አከራያችንን በገዛ ሠርጉ ቀን አስለቅሶታል። ከሁሉ የከፋው ግን የስኳሩ ሰልፍ ነው። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ስኳር እየተመረተ እኛ ለስኳር የምንሰለፍበት፣ ዝም ያለ ሰው የሚተርፍበት ዘመን ነበር። አንዱ ሰልፉን ጥሶ ከፊት ሲቆም ሰይድ ጮኸበት። ሰውዬው ጮክ ተብሎበት የማያውቅ የቀበሌ ሹም ሆኖ ተገኘ። ሰይድን በዚያው ወስደው አሰሩት። እኔ ምሳ በሳህን ቋጥሬ በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ፤ ዘበኛውን «ባሌ አለ ወይ?» ብዬ ለመጠየቅ ድምፅ የለኝም። ሌሎቹ ሴቶች ይጠይቁልኛል። አንድ ቀን ጺሙ አድጎ፣ ከስቶ ወጣ። መንገድ ላይ ገና ቤት ሳንደርስ ያንን ሰውዬ መሳደብ ሲጀምር አፉን በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየስግደቱ ዱዓዬ አንድ ነው፤ ያ ረብ፣ ይሄን ሰውዬ አብርድልኝ። ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ ጋሪው በባጃጅ ተተካ፣ ናዝሬትም አዳማ ተባለች፣ የእኔ ዱዓ ግን አልተለወጠም ነበር።

እንግዲህ በረደ። መቼ እንደ ጀመረው በትክክል ልናገር አልችልም። አውቶቡሱን ሸጦ ጡረታ ከወጣ በኋላ ይመስለኛል ቀስ እያለ የመጣው። በመጀመሪያ ኳስ ሲያይ መሳደብ ተወ። ከዚያ ውኃ ሲጠፋ ዝም። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ዝም። ያቺ የብርቱካን ዛፍ ስትሰበር ግን የዝምታው ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ። የገባውም በምክንያት ነው። ከእኛ ማዶ አዴ ጫልቱ የምትባል የልብ ጓደኛ አለችኝ። ባሏ ኦቦ ደበላ ወንጂ ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ልጆቹ ሲያዩት የሚቆሙለት ኮስታራ ሰው ነበር። ጡረታ ወጥቶ አንድ ሁለት ዓመት እንደቆየ ለሰለሰ። ለልጆች ከረሜላ ይገዛል፣ ለሚስቱ ፈገግ ይላል። ሠፈሩ ሁሉ ዕድሜ አጣፈጠው አለ። ቀጥሎ ጫልቱን በእናቱ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ቀን በሞጆ መንገድ ከባድ መኪኖቹ መሀል ሲሄድ አግኝተው አመጡት፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። ካረፈ በኋላ ጫልቱ እጄን ይዛ ያለችኝን አልረሳም። «ዘሀራ፣ መጀመሪያ ደግ ሆነ። ደግ ሲሆንልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እሑድ ልጃችን ሐያት መጣች። ሐያት ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ተምራ አሁን እዚሁ አዳማ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ታማክራለች። አባቷ መስጊድ እንደሄደ አፈፍ አድርጌ ያዝኳት።

«አባትሽ ታሟል» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«መቆጣት ተወ።»

ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ መሳቋን አቆመች። «እማዬ፣ ሰው ሲያረጅ እኮ ይረጋጋል።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልተረጋጋ ሰው አሁን ምን አገኘው?»

«አልተለወጠም እያልኩሽ ነው። የሰው ጠባይ ዓይነቱ ብዙም አይለወጥም። ግልፍተኛው ግልፍተኛ ነው፣ ስጉውም ስጉ ነው። በዕድሜ የሚለወጠው አወጣጡ ነው። ልጅ እያለን ጠባያችን እኛን ይነዳናል፤ እየበሰልን ስንሄድ እኛ እሱን መያዝ እንለምዳለን። አባዬ በስሏል በቃ።»

«የበሰለ ፍሬ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ» አልኳት። «ይወድቃል።»

ሐያት ፊቴን አየችና ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበረኝም። ባሌን መፈተን ጀመርኩ። «ያ የመጀመሪያ ረዳትህ፣ ጥርሱ ወርቅ የነበረው፣ ማን ነበር ስሙ?» እለዋለሁ። ያስታውሳል፤ የረዳቱን እናት ስም ጨምሮ ይነግረኛል። ገበያ እልከዋለሁ፤ ጥቁር አዝሙድ አምጣ ብዬው ድንብላል ይዞ መጣ። ድሮም ይሳሳት ነበር፤ ግን ድሮ ቢሆን ባለሱቁን ሊሳደብ ይመለሳል። አሁን «ተሳሳትኩ፣ ነገ አመጣዋለሁ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ጨረሰኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከኋላው በባጃጅ ተከተልኩት። ባለባጃጁ ዋጋ አናረብኝና ገና ሳልሳፈር ተጣላሁት፤ «እናትህን ነው የምትጭነው እንጂ ጆንያ አይደለም!» ብዬ ግማሹን አስቀነስኩት። ሰይድ መናኸሪያ ገባ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወጪ ገቢውን መኪና ያያል። ሌላ ምንም አያደርግም። አንድ ሚኒባስ አቦምሳ፣ አቦምሳ እያለ ሲጣራ የሚነሳ መስሎኝ ከባጃጁ ልወርድ ነበር። አልተነሳም። አንድ ሻይ ጠጣ፣ ለሻይ ሻጯ ጉርሻ ሰጠ፣ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ አሳብሬ ቀድሜው ገባሁና ሽንኩርት ስከትፍ አገኘኝ። ዓይኔ በሽንኩርቱ ምክንያት ቀላ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ወጣቱ ነጋዴ የግንብ አጥሩን አስጀመረ። ገመዱን ሲዘረጉ አንድ ክንድ ያህል ወደ እኛ ግቢ ገብተዋል። ለሰይድ ነገርኩት። «አይቼዋለሁ። ልጁ ከሰዓት ሲመጣ እናነጋግረዋለን» አለ። እናነጋግረዋለን! እኔ ከሰዓት አልጠበቅሁም። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ወጣሁ። ግንበኞቹን ገመዱን አንሱ አልኳቸው። ለአለቃቸው አስደወልኩ። ወጣቱ ነጋዴ በመኪና ሲደርስ መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። «ዛፋችንን ሰበራችሁ፣ ዝም አልናችሁ። ዝም ስላልን የሞትን መሰላችሁ? ካርታው ይኸው! ለካ!» እላለሁ፤ ድምፄ እስከ አዴ ጫልቱ ቤት ይሰማል፤ እሷም ከማዶ ሆና «ጎበዝ! ጀባዱ ዘሀራ፣ በርቺ!» ትለኛለች። ልጁ ተለካለት፤ «ይቅርታ እማማ፣ የሠራተኞቹ ስህተት ነው» ብሎ ገመዱን መለሰ። እያለከለክሁ ስገባ ሰይድ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያየኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ እንደማያውቃት ሴት። እኔም ይኸው፣ መልኬን ረስቶታል ብዬ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሐኪም ቤት የወሰድኩት በዘዴ ነው። አስቀድሜ ለብቻዬ ሄጄ ለሐኪሟ ሁሉን ነግሬያት ነበር፤ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ለሰይድ ራሴን አሞኛል፣ ግፊቴን ልለካ፣ አብረኸኝ ና አልኩት። ሐኪሟ ግፊቴን ለካች። ከዚያ «አባባንም እግረ መንገዳችንን እንያቸው» አለች። ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ መለሰ። ወሩን፣ ዓመቱን፤ መለሰ። «ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፣ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። መስኮት፣ በሬ፣ ሎሚ» አለችው። ከመቶ ሰባት ሰባት እያጎደለ እንዲቆጥር አደረገችው። ወረቀት ሰጥታ የግድግዳ ሰዓት ሣል አለችው። ሲሥል መሀል ላይ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዘዴዬ ገባው። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ ወረቀቱን ቀድዶ የሚወጣ መስሎኝ ቦርሳዬን ጨብጫለሁ፤ አልሰውርም፣ ቢቀድደው እመርጥ ነበር። ሰዓቱን ጨርሶ ሰጣት። «እነዚያ ሦስቱ ቃላት?» አለችው። «መስኮት» አለ። «ሎሚ።» ቆመ። ግድግዳውን አየ። ጣቱን ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ በሬ፣ በሬ፣ በሬ እያልኩ በሆዴ እጮሃለሁ። «ቆይ…» አለ። «በሬ።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «አባባ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናያቸዋለን። የእማማ ግፊት ግን እውነትም ከፍ ብሏል፣ መድኃኒት እንጀምራለን» አለች።

ስንወጣ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄደም። ማዶ ካለው ጁስ ቤት ገብቶ ሁለት ስፕሪስ አዘዘ፤ ፓፓያውና አቮካዶው በብርጭቆው ውስጥ ተነባብሮ መጣ። ማንኪያውን አልነካም።

«አብዷል ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መቆጣት ተውክ» አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አሳፈረኝ።

አየኝና ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «አርባ ዓመት ተው አልሽኝ። ስተው ሐኪም ቤት ወሰድሽኝ?»

የኦቦ ደበላን ነገር ነገርኩት፤ ጫልቱ ያለችኝን፣ የድንብላሉን፣ መናኸሪያ ድረስ መከተሌን። ሳቁ ጠፋ። ጣቱን በብርጭቆው ዙሪያ እያዞረ ቆየ።

«ቁጣው የትም አልሄደም» አለ። «ይመጣል። ድሮ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ከአፌ ይወጣ ነበር። አሁን ሲመጣ አየዋለሁ። ያ ሾፌር ምን አደረገ? መኪና ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም። እኔ በእሱ ዕድሜ እችል ነበር?»

«ዛፏ አላሳዘነችህም?»

«አላሳዘነችህም ትይኛለሽ? ሬዲዮኑን ጮክ አድርጌ የከፈትኩት ለምን መሰለሽ?»

ሰውዬው ሬዲዮ ከፍቶ ሲያለቅስ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለ እሱ መጃጀት አስብ ነበር።

«መናኸሪያስ ምን ትሠራለህ?»

«መኪና አያለሁ። ሌላ ምን እሠራለሁ? ሾፌር አይደለሁም?» አለና ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ያን ቀን አጥሩ ላይ ስትጮሂ መስኮት ጋ ቆሜ ይቺ ሴት ማን ናት አልኩ። ክር ለመግዛት የምታፍር ልጅ ነበር ያገባሁት። አሁን ባለባጃጁን ትጣያለሽ፣ ውኃ ክፍያ ሄደሽ ትጣያለሽ። ለሐያት ደውዬ እናትሽ ምን ሆና ነው፣ ብዬ ጠየቅሁ። ታውቂያለሽ? እኔ ግን ሐኪም ቤት አልወሰድኩሽም!»

«ሐያት ምን አለችህ?»

«በስላለች አለችኝ።»

ሁለታችንም አልሳቅንም። የስፕሪሱ ፓፓያ ቀስ እያለ ወደ አቮካዶው ሲገባ አየሁ። «ዘሀራ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድሮ አንቺ ዝም ትያለሽ። እኔ ካልጮህኩ በእኛ ቤት ስም የሚናገር ሰው የለም። አሁን አንቺ ትናገሪያለሽ። ትንሽ ማረፍ አይፈቀድልኝም?»

ቤት እስክንገባ ስለ ራሴ ሳስብ ቆየሁ። ሰዎች ዘሀራ ደፋር ሆነች ይላሉ፤ አልሆንኩም። ያቺ ጥቁር ክር አምጪ ተብላ ሰማያዊ ይዛ የምትመለሰው ልጅ እዚሁ ናት፤ ዛሬም ከሰው ፊት ስቆም ሻሼን ወደ ግንባሬ እስባለሁ። ያኔ ሰውን እፈራ ነበር፣ ስለዚህ ዝም እላለሁ። አሁን ለሰው እፈራለሁ፤ ለሰይድ፣ ለሐያት፣ ለአንድ ክንድ መሬት። ፍርሃቱ ያው ነው፤ ያኔ አፌን ይዘጋው ነበር፣ አሁን ይከፍተዋል። የሐያት ትምህርት ይህን የሚል ከሆነ እውነት አለው። ልቤ ግን አላረፈም። በስድስት ወሩ ሄድን፣ ሐኪሟ ደህና ናቸው አለች፣ ሦስቱንም ቃላት ቶሎ ጠራላት። ወጥተን ገና መንገድ ሳንሻገር እኔ ቃላቱን ከባለፈው አስታውሷቸው ቢሆንስ ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ።

ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ ተላከብን። ሐያት የወደደችው ልጅ ሞጆ ደረቅ ወደቡ ላይ የጉምሩክ ሥራ የሚያስጨርስ፣ ሲናገር መሬት የሚያይ ጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሐያት ጓዳ ገብታ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። «እማዬ፣ አባዬ ደህና ይሆናል አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ። ያ ሁሉ ትምህርቷ የት እንደገባ ልጠይቃት ነበር፣ አሳዘነችኝና ተውኩት። እሷም የዚያ የድሮው ሰውዬ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ መጥቶ ርዕሰ መምህሩ ላይ ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር የተደበቀች።

አራት ሆነው መጡ። ከፊት የተቀመጡት የልጁ አጎት ናቸው፤ ብዙ ከባድ መኪና ያላቸው፣ ሲቀመጡ ሶፋው የሚጮህ ሰው። ሰላምታው፣ ዱዓው፣ የዝናቡ ወሬ አለቀ። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ልጃችን ሴት ልጅዎን ይፈልጋል» አሉ። «እውነቱን ለመናገር ዘመዶች የሹፌር ቤት ነው ብለው ነበር። እኛ ግን አልናቅንም። ስንት ሹፌር በእጃችን ስናሳድር የኖርን ሰዎች ነን።»

የመጋረጃው ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሐያት ከኋላው ናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገቱን ደፋ። እኔ ከሰይድ አጠገብ ነበርኩ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲወጣ አየሁት፤ ያንን ሥር አውቀዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል ድምፁ ቀደመኝ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ ሰይድ፣ ረጋ ብሎ። «ልጄ ፈቅዳለች፤ እሷ ከፈቀደች እኔም ፈቅጃለሁ። የሹፌር ቤት ነው ያሉትም ልክ ነው። እዚህ ቤት የበላችው፣ የለበሰችው፣ የተማረችው በሹፌር እጅ ነው። በሙሽራውም ደስ ብሎኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው። እርስዎ ካሳደጉት ጨዋነቱን ከየት እንዳመጣው አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንጫወታለን።»

አንገቱን የደፋው ሽማግሌ መሳቅ ጀመረ፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ አጎትየውም ጆሯቸው እየቀላ አብረው ሳቁ። «አይ አቶ ሰይድ!» አሉ። ነገሩ አለፈ። ቀን ተቆረጠ፣ ፋቲሓ ተቀራ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰይድ ቀኝ እጅ በጋቢው ሥር ሶፋው ላይ ነበር። ሳላስበው እጄ ነካው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ማንም አያይም፤ ፊቱ ፈገግ ብሏል፣ ድምፁ የለሰለሰ ነው፤ እጁ ግን የዚያ መሪ የሚመታ ጎረምሳ እጅ ነው፣ ጥፍሩ መዳፉ ውስጥ ገብቷል። ያዝኩት። መልሶ አጥብቆ ያዘኝ፤ እንግዶቹ እስኪነሱ አልለቀቀኝም።

ሸኝተን ስንመለስ በሩን ዘጋሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን አስቻለኝ?

«እጅህ ለምን ተንቀጠቀጠ?» አልኩት።

«ተናድጄ ነዋ! ሰውዬው ሲሰድበኝ አልሰማሽም?»

«እርግጠኛ ነህ? የእጅ መንቀጥቀጥ ሌላ በሽታም አለው ይላሉ። ነገ ብቻ ሄደን ለሐኪሟ እናሳይ፣ አንድ ጊዜ…»

«ዘሀራ!» ብሎ ጮኸ።

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ያ ድምፅ፤ ከዓመታት በኋላ፣ ከነሙሉ ጉልበቱ። ከማዶ የአዴ ጫልቱ ውሻ መጮህ ጀመረ። ሐያት ብርጭቆ እንደያዘች ከጓዳ ሮጣ ወጣችና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እየሳቅሁ ነበር፤ እንባዬም ይወርዳል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች።

«ምንም» አልኳት። «አባትሽ ደህና ነው።»

ይህን ስላት ግን የሐኪሟን ስልክ ቁጥር የት እንዳስቀመጥኩት እያሰብኩ ነበር።